ስልሳ ሰው የሰማው የቤታችን ጉዳይ

ሰው ጉዳዩን በሆዱ መያዝ አለበት ብለው ከሚያምኑት አንዱ ነበርኩ፤ በተለይ «ፕሮሰስ» የሚባለውን ጉዳይ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። አንድ ሐበሻ የትዳር ጓደኛውን ለማምጣት ወረቀት ሲያስገባ፣ ወሬው የሚሰማው ኤርፖርት አበባ ይዞ ሲቆም ነው። ከዚያ በፊት የጠየቀው ሁሉ የሚያገኘው መልስ «ኧረ ገና ነው፣ ጸልዩልኝ» የሚል ነው። ሌላው ሰው ዓይን እንዳይገባበት ብሎ ይደብቃል። እኛ ጴንጤዎቹ በዓይን አናምንም እንላለን፤ ግን «ጠላት እንዳይሰማ» እያልን እኩል እንደብቃለን።

ይህ የማወጋችሁ ነገር ሲደርስብኝ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ሥራዬ በዊልቸር የሚሄዱ ሰዎችን በቫን ሐኪም ቤት ማመላለስ ነው፤ ቫኖቹ የሚያድሩበት ግቢ አሌክሳንድሪያ ስለሆነ በየቀኑ ሌሊት ተነስቼ የወንዙን ድልድይ እሻገራለሁ። ቤተ ክርስቲያኔም እዚያው አሌክሳንድሪያ ነው። ባለቤቴ ምሕረት ሆሳዕና ከእናቷ ጋር ነበረች። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ አብረን የኖርነው ግን ሁሉም ተደምሮ ሰባት ሳምንት ነው።

ጠባዬን ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። ቶሎ እናደዳለሁ፤ ደግሞም አውቃለሁ ባይ ነኝ። ሰው ሁሉ የቪዛ ቅጹን ለሚያውቅ ሰው ሲያስሞላ እኔ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዬን ሞልቼ ጨረስኩት። መጨረሻው ላይ «ታስረው ያውቃሉ? ከአገር ተባረው ያውቃሉ?» እያለ የሚደረድራቸው ጥያቄዎች አሉ። ሁሉንም ከላይ እስከ ታች «የለም፣ የለም፣ የለም» እያልኩ ወረድኩ። ሚስቴን እኔ ካላወቅኋት ማን ያውቃታል?

ምሕረት ከመጋባታችን በፊት አራት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታለች። ብዙ እህቶቻችን ዛሬም እንጀራቸው እዚያ ስለሆነ አገሩን አልጠራውም። ኤምባሲው የኢንተርቪው ቀን ሲሰጠን፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከኖረችበት አገር ሁሉ ወንጀል እንደሌለባት የሚያረጋግጥ የፖሊስ ወረቀት እንድታመጣ ጠየቀ። የኢትዮጵያው በቀላሉ ወጣ። ለዓረቡ አገር አዲስ አበባ ሄዳ አሻራ ሰጠችና እዚያ ላለ ጉዳይ አስፈጻሚ ተላከ። ኢንተርቪው ሊደርስ ዐሥራ ስድስት ቀን ሲቀረው መልሱን እየጠበቅን ነበር። ይህን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሰው አንድም የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ስለ ጸሎት መስመራችን ልንገራችሁ። ሁልጊዜ ከጠዋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በስልክ እንገናኛለን። ቁጥሩን ትደውላለህ፣ ኮዱን ታስገባለህ፣ ወንድም ታምራት ይመራል። አንዱ ወደ ሥራ እየነዳ፣ አንዷ ልጆቿን እያስነሳች፣ ስልሳ የሚሆን ሰው አብሮ ይጸልያል። ሕጉ አንድ ነው፦ የሚጸልየው ብቻ ድምፁን ይከፍታል፣ ሌላው ሚውት ያደርጋል። ሚውት ሳያደርጉ እንቅልፍ የወሰዳቸውን ሰዎች ማንኮራፋት ስንት ጊዜ ሰምተን ስቀናል መሰላችሁ።

ያን ማክሰኞ ግቢው ደርሼ መኪናዬን እንዳቆምኩ ወንድም ታምራት ስለ ሕሙማን እንድጸልይ ጠራኝ። ድምፄን ከፍቼ ጸለይኩ። «አሜን» ብዬ ጨረስኩ። ስልኩን ወንበሩ ላይ ሳስቀምጥ፣ ለአገር ቤት ብቻ የምጠቀምበት ሁለተኛው ስልኬ ጮኸ። ምሕረት ነበረች። በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም።

«ዮናስዬ፣ ጉዳይ አስፈጻሚው ወረቀቱን መለሰው» አለችኝ።

«የቱን ወረቀት?»

«የአሻራውን። የመኖሪያ መታወቂያ ቁጥር ከሌለ አይሠራም አለ።»

«ታዲያ ቁጥሩን ስጪው!»

«ከየት አመጣዋለሁ? ፓስፖርቴም መታወቂያዬም አሠሪዎቼ ጋ ቀርቷል።»

«ያለ ፓስፖርት እንዴት አገርሽ ገባሽ?»

«በሊሴ ፓሴ» አለች። ፓስፖርት ለሌለው ሰው የሚሰጥ የአንድ ጊዜ መሸኛ ወረቀት ነው። ይህንን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ምሕረት፣ ምንድነው የምትደብቂኝ?»

ቀስ እያለች ነገረችኝ። የተቀጠረችው ለአንድ ቤት ሆኖ ሁለት ቤት ታጸዳ ነበር። አሠሪዋ ማዳም በቀን አራት ሰዓት እንኳ አታስተኛትም ነበር። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጣል ብላ ከረጢቱን ይዛ ወጣችና በዚያው ቀረች። አሠሪዎቿ ጠፋች ብለው አመለከቱባት። ሁለት ዓመት ተደብቃ በየሰው ቤት ሠራች፤ ወደ አገሯ መመለስ ስትፈልግ እጇን ለፖሊስ ሰጠች።

«ከዚያስ?»

«ዐሥራ ስምንት ቀን አስረው ሸኙኝ።»

«ታስረሻል?» ጩኸቴ መኪናውን ሞላው። «እኔ ለአሜሪካ መንግሥት ታስራ አታውቅም ብዬ ፈርሜያለሁ እኮ! ዋሸ ብለው እስከ መጨረሻው ቢከለክሉንስ? ያገባሁት ወንጀለኛ ነው ማለት ነው?»

ይህንን ቃል ዛሬ ስጽፈው አፍራለሁ፤ ግን ብያለሁ። ምሕረት አላለቀሰችም። «ቅጹን የሞላኸው አንተ ነህ» አለችኝ። «አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

በዚህ መሐል ወንበሩ ላይ ካለው ስልክ የወንድም ታምራት ድምፅ መጣ።

«ወንድም ዮናስ… ሚውት አላደረግህም።»

አንዲት እናት በቀስታ «ኢየሱስ ጌታ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ሌላ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ስልሳው ሰው በሙሉ እየሰማ ነበር።

«ማነው የሚያወራው?» አለች ምሕረት።

«የጸሎት መስመሩ ነው። ክፍት ነበር።»

«ሰው አለበት?»

«አለበት።»

«ስንት ሰው?»

«ስልሳ ይሆናል።»

ስልኩ ተዘጋ። እኔም የጸሎቱን መስመር ዘጋሁትና መሪው ላይ ግንባሬን አስደግፌ ቀረሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ! ሦስት ዓመት የደበቅሁትን በሦስት ደቂቃ ጨረስኩት። ከእኔ ይልቅ የእሷ ባሰኝ። ገና እግሯ ያልረገጠው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም ሰው የታሰረችውን ቀን ቁጥር ያውቃል።

ያን ቀን እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ለምሕረት ዐሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ አታነሳም። እኔ ደግሞ የሚደውሉልኝን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አላነሳም። አንድ አረጋዊ ተሳፋሪዬ በመስታወት አይተውኝ ዛሬ ሬዲዮውን እንኳ አልከፈትክልኝም አሉኝ። እኩለ ቀን ላይ አንድ አጭር መልእክት ገባ፦ «ሺፍትህን ስትጨርስ ቤት ና። ወርቅነሽ።»

ይሄኔ ፈራሁ። እትዬ ወርቅነሽ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሆናቸው፣ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ የሚቆሙ አስተናጋጅ ናቸው። አርፍዶ የመጣውን በዓይናቸው ብቻ የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ማስቲካ የሚያኝክ ካዩ መዳፋቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። በሥራ ቀናት ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ይሠራሉ። ስለ ራሳቸው አንድ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። በጸሎት መስመር ላይ በመጮኼ ሊገሥጹኝ ነው ብዬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አሌክሳንድሪያ ያለው አፓርታማቸው ደረስኩ።

«ምሳ በልተሃል?» አሉኝ በሩን እንደከፈቱ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ዋሽተሃል» ብለው ፓስታ አቀረቡልኝ። ሁለት ጉርሻ እስክውጥ ጠበቁኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ጠዋት ሚስትህን ወንጀለኛ ስትል ሰማሁህ።»

«ተናድጄ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታ የምትጠይቀው እኔን አይደለም።» ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ ጠረጉ። «እኔም እዚያው አገር ነበርኩ። የዛሬ ሃያ ዓመት። ከሰው ቤት ጠፍቻለሁ፤ ሃያ ሦስት ቀንም ታስሬያለሁ። ወንጀለኛ እመስልሃለሁ?»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። እኚህ ሴት! ሁላችንም ፊታቸው ስንደርስ ሸሚዛችንን የምናስተካክልላቸው ሴት!

«ባለቤቴ ከዚህ ሆኖ ሲያስመጣኝ ያንኑ የፖሊስ ወረቀት ተጠይቄያለሁ» አሉ። «ያንኑ ቁጥር አጥቻለሁ። እንዳንተው ማንም እንዳይሰማ ብለን ስንት ወር ተንከራተትን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?»

«አንተስ ለምን አልተናገርክም? ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ በዚያ በር ስትገባ ‹እንዴት ነው ጉዳይህ› ስልህ ‹ገና ነው› ነው ያልከኝ። ያገሬ ሰው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል። እኛ ግን መድኃኒቱንም ደብቀን ነው የምንዞረው። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው። በል ቁጥሯን ስጠኝ።»

በራሳቸው ስልክ ደወሉና ድምፁን ለቀቁት። እዚያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። የማታውቀው ቁጥር ስለሆነ ምሕረት አነሳች።

«ምሕረት፣ ወርቅነሽ እባላለሁ። ጠዋት ከሰሙሽ ሰዎች አንዷ ነኝ። እንዳትዘጊው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፦ ያሰሩሽ ቦታ ኤር ኮንዲሽኑ ቀን ከሌት አይጠፋም ነበር?»

«አይጠፋም!» አለች ምሕረት። «አጥፉልን ስንላቸው ጭራሽ ይጨምሩታል!»

«እኛ እኮ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ተቃቅፈን ነበር የምንተኛው።»

«እኛም! አንዷ ልጅ ካልሲ ነበራት፣ በተራ ነበር የምናደርገው!»

ሁለቱም ሳቁ። እንግዲህ እኔ ሚስቴን ያስለቀስኩበትን ነገር እሳቸው አሳቋት። ከዚያ እያወሩ ዐሥር ደቂቃ ያህል ረሱኝ። የማላውቃቸው ቦታዎች፣ የማላውቃቸው የዓረብኛ ቃላት፣ የማላውቃት ምሕረት። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስለ ሚስቴ ያልጠየቅኋትን ሁሉ ሰማሁ።

«አሁን ወደ ቁም ነገሩ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «ጠፍተሽ ከመውጣትሽ በፊት ለእናትሽ በካርጎ ዕቃ ልከሽ ታውቂያለሽ?»

«በመጀመሪያው ዓመት ብርድ ልብስ ልኬላታለሁ። ከማዳሜ ጋር ሄደን ነው የላክነው።»

«ካርጎ ቤቱ የላኪውን የመታወቂያ ቁጥር ሳይጽፍ አይቀበልም። ወረቀቱ ከዕቃው ጋር ነው የሚሄደው። እኔ የእኔን ያገኘሁት እናቴ ባስቀመጠችው የቴሌቪዥን ካርቶን ላይ ነው። ብርድ ልብሱ አለ?»

«ቁምሳጥኑ ላይ ነው። ከነፕላስቲኩ፣ ተከፍቶ አያውቅም።»

ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ወዲያው የአማቴ ድምፅ መጣ። «ምን ልታደርጊ ነው? ያ የእንግዳ ነው! አማቼ ሲመጣ ነው የሚከፈተው!»

«እማማ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ ጮክ ብለው፣ «አማችዎ እዚህ እኔ ቤት ፓስታ እየበላ ነው። ይክፈቱት!»

ዚፑ ሲከፈት ሰማን። ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። «እዚህ የለም» አለች ምሕረት። እትዬ ወርቅነሽ እጄን ያዙኝ። እኔ የኩሽናውን ግድግዳ አያለሁ። «እጥፋቱ ውስጥ እዪ» አሏት። «አሁንም የለም… ቆይ። ቆይ!» የአማቴ እልልታ ቀደማት። ከታች፣ ብርድ ልብሱ ከተዘረጋበት ካርቶን ሥር፣ በአራት የታጠፈ ቢጫ ወረቀት ነበር። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ምሕረት አንድ በአንድ ስትጠራ እትዬ ወርቅነሽ የካፌቴሪያ የሥራ ፕሮግራማቸው ጀርባ ላይ ጻፉት፤ ሁለት ጊዜም አስደገሟት።

ከዚያ የታጠበ ልብስ ላውጣ ብለው ስልኩን እኔ ፊት ትተው ወጡ። አውቀው እንደሆነ ገብቶኛል።

«ምሕረት፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ጠዋት ያልከኝን የምረሳው እንዳይመስልህ።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ደውል» አለችኝ። ያን ቀን ከዚህ በላይ አይገባኝም ነበር።

ቁጥሩ ለጉዳይ አስፈጻሚው ተላከ። አራት ቀን ጠበቅን። በእነዚህ አራት ቀናት የሚያስፈራን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ወረቀቱ ምን ይዞ ይመጣል? አሠሪዎቿ ሌላ ክስ ጨምረውባት ቢሆንስ? «ሰርቃ ጠፋች» ብለው የሚያመለክቱ እንዳሉ እትዬ ወርቅነሽ አልደበቁኝም። ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ቫን ሳጸዳ ፋይሉ በስልኬ ገባ። ከላይ እስከ ታች ዓረብኛ ነው። ምሕረት ትናገራለች እንጂ አታነብም። ስልኬን ይዤ ወደ መካኒካችን ወደ ሱዳናዊው ዑስማን ሮጥኩ።

ዑስማን እጁን በጨርቅ ጠረገ። መነጽሩን ፈለገ። መነጽሩ ሌላ ቫን ውስጥ ነበር። ሄዶ አመጣው። እኔ እዚያ ቆሜ ሰባት ጊዜ ሞቻለሁ። ከዚያ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ እያዜመ ያነበው ጀመር።

«ዑስማን፣ በጌታ! መጨረሻውን ንገረኝ!»

ጣቱን ወደ ታች አወረደ። «ሚስትህ ናት?»

«ሚስቴ ናት።»

«ምንም የለባትም። ፍርድ የለም፣ ክስ የለም። ንጹሕ።»

የቫኑ መወጣጫ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዑስማን ትከሻዬን ሲመታኝ የጋራዡ ዘይት ሸሚዜ ላይ ቀረ። ለምሕረት ስነግራት እሷም አለቀሰች። አስቡት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የሆነ ቦታ ስሟ በወንጀል ተጽፏል ብላ ስታስብ ኖራለች።

የቀረው እኔ ቅጹ ላይ የሞላሁት «የለም» ነበር። በኢንተርቪው ቀን ገና ቃለ መሐላ ሳትፈጽም ቅጹ ላይ ስሕተት አለ፣ ታስሬ አውቃለሁ፣ ላስተካክል ብላ ተናገረች። ኢንተርቪው የሚያደርጋት የኤምባሲ ሰው ለምን ከአሠሪዎቿ ቤት እንደወጣች ጠየቃት፤ የቆሻሻውን ከረጢት ሳይቀር ነገረችው። የፖሊሱን ወረቀት ደጋግሞ አየና ብዙ ጻፈ። «ቅጹን የሞላው ማነው?» ሲላት «ባለቤቴ» አለች። «ለምን አልጠየቀሽም?» ሲላት «እሱን ጠይቀው» አለችው። አስተርጓሚዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። ከዚያ ሰውየው ፓስፖርቷን እሱ ዘንድ አስቀረው። ፓስፖርት ያዘ ማለት ቪዛ ሰጠ ማለት እንደሆነ የጠበቀ ያውቀዋል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያ ማክሰኞ በሕይወቴ ያፈርኩበት ትልቁ ቀን ነው። ባይሆን ኖሮ ግን ምሕረት ዛሬ እዚህ አትኖርም ነበር። የችግራችን መድኃኒት በየእሑዱ በር ላይ ቆሞ ይቀበለኝ ነበር። ሚስጥር አትያዙ አልላችሁም። ነገር ግን «ገና ነው፣ ጸልዩልኝ» ስትሉ ምን እንደጎደላችሁ ጨምራችሁ ንገሩ። የሰማ ሁሉ ጠላት አይደለም። እኔ ከዚያ ወዲህ ቁጣዬ ሙሉ በሙሉ ለቆኛል ብል እዋሻለሁ፤ ግን ከመጮኼ በፊት መጠየቅን ተምሬያለሁ።

ምሕረት ይህንን ጽሑፍ አንብባ ፈቅዳለች። አንድ ነገር እንድጨምርም ነግራኛለች። የመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ሰው እንዴት ያየኛል ብላ ፈርታ ነበር። ከጉባኤው በኋላ ሦስት ሴቶች በየተራ መጥተው አቀፏትና በጆሮዋ የሆነ ነገር አሏት። ወደ ቤት ስንመለስ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ጠየቅኋት።

«ምን አሉሽ?»

«አንዷ ዐሥራ አንድ ቀን ታስራለች። አንዷ አንድ ወር። ሦስተኛዋ ደግሞ ስንት ቀን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እስካሁን ለባሏ አልተናገረችም።»

«ባሏን አውቀዋለሁ?»

«ታውቀዋለህ» አለችኝ። ስሙን ግን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ወንድሜ፣ ምናልባት ያ ሰው አንተ ትሆናለህ። ሚስትህን ጠይቃት። ስትነግርህ ደግሞ አትጩህባት።